ኔትወርኩ ሲያድግ መንገዱን ማን ይነግረዋል?

ቅዳሜና እሁድ ስለምሰጠው የራውቲንግ ሥልጠና ኢንቦክስ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ያው ነው፤ "ስንት ቀን ይፈጃል? ሰርተፍኬት አለው ወይ?" አለው። ቀኑ ግን እንደ ሠልጣኙ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ "በዲፕሎማ ሃይስኩል የምታስተምር ሰው ዲግሪ ያለውን ታሠለጥናለህ እንዴ?" የሚልም አይጠፋም። እሱን ራውተሩ ይመልስለት። ራውተር የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የሚመጡልኝ ሰዎች ጀማሪዎች አይደሉም፤ ኔትወርክ እያስተዳደሩ ያሉ ናቸው። አይፒ መስጠት፣ ስዊች ማዋቀር፣ ስታቲክ ራውት መጻፍ ያውቃሉ። አራት ቅርንጫፍ ላይ ይሄ ይበቃል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ኔትወርክ ብቻ ቢኖረውና ራውተሩ የሌሎቹን የሦስቱን መንገድ ይወቅ ብንል፣ 4 በ3፣ 12 መስመር ነው። ቅርንጫፉ 20 ሲሞላስ? 20 በ19፣ 380 መስመር። በእጅ! (ሁሉም በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል ብቻ የሚያልፉ ከሆነ ለቅርንጫፎቹ አንድ ዲፎልት ራውት ይበቃቸዋል፣ እውነቱን እንነጋገር። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛ መንገድ ሲጨመር ነው።)

ባለፈው ዙር አንዲት ሠልጣኝ ነበረች፣ የሆስፒታል ኔትወርክ የምትይዝ። ካርድ ክፍሉ አሮጌው ሕንፃ ላይ፣ ላብራቶሪና ፋርማሲው አዲሱ ላይ ነው። በመካከል ፋይበር አለ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ ዋየርለስ ሊንክ። አንድ ቀን ለግንባታ ሲቆፈር ፋይበሩ ተቆረጠ። መጠባበቂያው ደህና ነው፣ ግን ምንም አያልፍም። በሽተኛው ከወረፋ አልወጣ፣ እሷ ደግሞ ከስልክ አልወረደች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ራውተሩ የተያያዘው ከስዊች ጋር ስለሆነ ወደቡ አሁንም "አፕ" ነው። ስታቲክ ራውቱ ከወዲያ ማዶ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ፓኬቱን ወደ ተቆረጠው ፋይበር መላኩን ቀጠለ።

ኦኤስፒኤፍ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ራውተሮቹ በየ10 ሰከንዱ "ሰላም፣ አለህ?" ይባባላሉ። 40 ሰከንድ መልስ ከጠፋ ጎረቤቱ እንደሌለ ይቆጠርና አጭሩ መንገድ እንደ አዲስ ይሰላል። ክፍል ውስጥ ይህን በቃል አልተርክም። ፓኬት ትሬሰር ላይ ፒንጉ እየሄደ በመሀል ያለውን ሊንክ አቋርጡት እላለሁ፣ ከዚያ ዝም ብለን እናያለን። ፒንጉ ጠፍቶ ሲመለስ የሠልጣኞቹን ፊት ብታዩት!

ኦኤስፒኤፍ ካበሩ በኋላም ሥራ አለ። ሁሉንም በአንድ ኤሪያ ማጎር ጥሩ አይደለም፤ ከፋፍሎ ኤሪያ 0 ላይ ማገናኘት፣ ድንበሩ ላይ ደግሞ አድራሻውን ማጠቃለል ነው። ወያላ "መገናኛ! መገናኛ!" ይላል እንጂ የመገናኛን ቅያስ ሁሉ ይዘረዝራል እንዴ? ከ10.20.0.0 እስከ 10.20.15.0 ያሉ 16 ባለ /24 ኔትወርኮች በአንዲት 10.20.0.0/20 ይጠራሉ። ግን ልብ በሉ፣ ራውተር ሁሌም ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን አድራሻ ነው የሚያምነው። በየካቲት 2000 ዓ.ም. የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን አገሩ ውስጥ ሊዘጋ ብሎ የዩቲዩብን አንድ /24 በቢጂፒ ወደ ውጭ አስነገረ። ዩቲዩብ ያስነገረው ሰፊ /22 ነበር። የዓለም ራውተሮች ጠባቡን አመኑ፣ ዩቲዩብም በብዙ አገር ለሰዓታት ጠፋ። ማጠቃለልና ማጣራት ያልተማረ ሰው ቢጂፒ እንዲነካ የማልፈቅደው ለዚህ ነው፣ ብትቆጡም።

ልጅቷ ሥልጠናውን ጨርሳ ስትመለስ አለቃዋ "የሚሠራን ነገር ለምን ትነካኪያለሽ?" አሏት። እንዲህ የሚል አለቃ የሌለበት ቤት የለም። እሷ ግን አልተከራከረችም። ላፕቶፗን ከፍታ ሊንኩን በፊታቸው አቋረጠችው፣ መጀመሪያ በስታቲክ፣ ቀጥሎ በኦኤስፒኤፍ። እሳቸውም የቅዳሜ ሌሊትን ፈቀዱላት።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቴሌግራም ገባልኝ፤ "ቲቸር፣ በዋየርለሱ በኩል ጎረቤቱ ኤክስስታርት ላይ ቆሟል።" "በሁለቱም ጫፍ ኤምቲዩውን እዪ" ብዬ ልጽፍላት ስጀምር ሁለተኛው መልእክት ቀደመኝ።

"አገኘሁት። አንዱ 1500፣ ሌላው 1400 ነው። ተኛ በቃ።"