የመስቀል ወፍ የት ይከርማል?

ክረምቱ አልፎ የዋድላ ሜዳ አደይ አበባ ሲለብስ፣ ኮን ከሚገኘው ቤታችን ደጃፍ መደቡ ላይ ተቀምጦ ወፍ ማየት የልጅነት ሱሴ ነው። ሱሱን ያስያዘኝ አባቴ ነበር።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከአሰብ ወደብ እየጫነ ኮምቦልቻ ያራግፋል። በ1977 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ሲያመላልሱ ከከረሙት አንዱ እሱ ነው። ቤት የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ብቻ ስለነበር ጎረቤቶቻችን «የመስቀል ወፍ መጣ» እያሉ ይቀልዱበታል። እናቴ አብራ ትስቅና ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሲመጣ የሚያወራልን ስለ ባሕር ነው። ነጫጭ የባሕር ወፎች መርከብ ተከትለው እንዴት እንደሚንጫጩ እየነገረን፣ ከገደሉ ማዶ ባሕር ያለ ይመስለኝ ነበር።

ባሕሩን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ባሕር አቋርጠው የሚመጡትን ግን አይቻለሁ። በጥቅምትና በኅዳር ከካዛክስታንና ከሞንጎልያ ሜዳዎች የተነሡ ንስሮች በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ አፍሪካ ይገባሉ። ንስር ክንፉን ሳያርገበግብ የሚንሳፈፈው ከምድር በሚነሣ ሞቃት አየር ነው። ባሕር ላይ ይህ አየር እንደ ልብ ስለማይገኝ ጠባቡን መሻገሪያ ይመርጣል። በ1980 ዓ.ም. መጸው ጅቡቲ ላይ በተደረገ ቆጠራ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞሮች ሲያልፉ ተመዝግበዋል። ረፋዱ ላይ ከቤታችን በላይ የሚዞር ንስር ባየን ቁጥር አባቴ «ይኸው፣ የኔን መንገድ ይዞ መጣ» ይል ነበር።

የመስቀል ወፍ ግን ከየትም አይመጣም። በዚህ ስም የሚጠራው ወፍ እንደየአገሩ ይለያያል፤ እኛ ማሳ ላይ የሚታየው ጥቁር ሆኖ ወገቡ ቢጫ ነው። ወንዱ በክረምት ለመራቢያው ያጌጥና ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከድንቢጥ ጋር እህል ሲለቅም ማን ይለየዋል? እዚሁ ነው የሚከርመው፤ በዓመት አንዴ የምናውቀው እኛ ነን።

በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ አባቴ ጠቅልሎ ገባ። ስጦታ የሌለው፣ አሮጌ ካፖርት የደረበ፣ ዝምተኛ ሰው ሆነ። ከመደቡ አይጠፋም። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ገብቼ በተራዬ የመስቀል ወፍ ሆንኩ። ስሄድም ስለ ራሴ አወራለሁ እንጂ ስለ ባሕሩ ጠይቄው አላውቅም።

በ2014 ዓ.ም. መስቀል ጦርነቱ በአካባቢው ስለነበር መግባት አልቻልኩም። መንገዱ ሲከፈት የሰማሁት መርዶውን ነው። አልቀበርኩትም።

ከዚያ ወዲህ ለመስቀል ብቻ መሄድ ትቻለሁ። አምና በታኅሣሥ ሳልናገር ደረስኩ። እናቴ ደንግጣ «ምነው ልጄ፣ በደህና ነው? ዓመት በዓልም አይደል!» አለች። በደህና መሆኑን ነግሬያት መደቡ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ውድማው ላይ ቡናማ ወፎች ይለቅማሉ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ብዙ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

«ተወው፣ ከመካከላቸው አለ» አለችኝ።