ዝቋላ ያጋለጠው ጉራ
ፍቅረኛዬን አሳምሬ አውቃታለሁ የምትል ወንድሜ፣ እስኪ ዝቋላን አብረሃት ውጣ! በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ለአቦ ንግሥ ከቢሾፍቱ ተነሳን። እሷ አዲስ ጫማ ተጫምታለች፣ እኔ የሁለታችንንም ቦርሳ ከነጉራዬ ተሸክሜያለሁ። ተራራው ግን ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ግማሽ ሳንደርስ የእሷ ተረከዝ ተላጠ፣ የኔ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ተኮራረፍን። በባዶ እግራቸው የሚወጡ እናቶች «በርቱ ልጆቼ» እያሉ አለፉን!

ሌሊት በብርድ አንድ ጋቢ ስንጓተት፣ «ደከመኝ ብትለኝ እኮ አረፍ እንል ነበር» አለችኝ። ለካ በሁለት ዓመት ፍቅራችን ደከመኝ ብያት አላውቅም! ጠዋት አናቱ ላይ ያለውን ሐይቅ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን አየን። ስንወርድ እሷ የኔን ነጠላ ጫማ አድርጋ አንዱን ቦርሳ ያዘች። ደከመኝ ማለት ነውር አይደለም፣ ወንድሜ!