ቆርቆሮ ውስጥ ማደር

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አጣና ተራ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ የቆመ አሮጌ ኮንቴነር ተከራይቼ እጽፍበታለሁ። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ40 የሆነ የብረት ሳጥን ነው። ቀን 8 ሰዓት ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። ሰማዩ በጠራ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ቀጭኑ ብረት ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ወዲያው ይበትነዋል። ጠዋት የራሴው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ወረቀቴ ላይ ይንጠባጠባል።

አምና በታኅሣሥ አንድ ማታ ጽሑፍ ለማድረስ ሳመሽ፣ ከሰሉን ጢሱ እስኪያልቅ ደጅ አነደድኩና አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ትንሽ ቆይቶ ራሴን ከበደኝ። ደክሞኝ ነው ብዬ ጋደም አልኩ። የግቢው ጥበቃ በሩን በዱላ ባይደበድቡት ኖሮ ይህን አታነቡም ነበር።

«ልጄ፣ መብራትህ በርቶ ስጠራህ ዝም ብትለኝ ነው» አሉኝ።

ብዙዎቻችን ከሰል ከቀላ በኋላ አይጎዳም እንላለን። ስህተት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ እየያዘ ሰውን ሳያውቀው ይወስደዋል።

በማግስቱ ሂተርና ኤሲ ላስገባ ብዬ በያጅ ጠራሁ። ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ራቁቱን ለቆመ ሰው እሳት አይገዛለትም። መጀመሪያ አልብሰው!»

ሳሰላው እውነቱን ነው። 2,000 ዋት ሂተር 10 ሰዓት ቢሠራ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ የመብራት ታሪፍ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ አየር ማስገቢያና ማስወጫ ተቆረጠ፤ አንዱ ከታች፣ ሌላው ከማዶ ከላይ። ብየዳው ካለቀ በኋላ እንጨት ተመታ፣ ፎም ገባ፣ ፎሙም በቺፑድ ተሸፈነ። ብረት ቤት ነውና አርዝ ተቀበረለት። ጣሪያው ነጭ ተቀባ። አሁን ትንሽ ሂተር ለአንድ ሰዓት ይበቃኛል፤ ኤሲውን ትቼዋለሁ።

ሥራው ያለቀ ዕለት ማታ ስወጣ፣ ሕይወቴን ያተረፉት ሰው የቆርቆሮ ቤታቸው ውስጥ ከሰል ታቅፈው ተቀምጠዋል። አፈርኩ።

ለጥበቃ ቤት ስንሠራ ቁልፉንና በሩን እናስባለን እንጂ ሌሊቱን አናስብም። ሰው በከሰል ሲሞት «ጥንቃቄ ያድርጉ» እንላለን። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን የበረደው ሰው እሳት ማንደዱ አይቀርም። ቆርቆሮ ውስጥ እንዲያድር ያደረግነው እኛ ከሆንን፣ ጥንቃቄውም ከእኛ ይጀምራል።

የተረፈው እንጨትና ቺፑድ የእሳቸውን ቤት በግማሽ ቀን አለበሰ። አየር መግቢያ ተከፈተ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ተጨመረ። ከሰሉ አሁን ደጅ ነው የሚነደው፣ ለቡና ብቻ።

የእናንተ ግቢ ጥበቃ ዛሬ ማታ በምን ይሞቃሉ? ሳይመሽ ሄዳችሁ እዩ።