የጮኸው ሌላ፣ የተቀየረው ሌላ

የምነዳው ራቭ ፎር ነው። መኪናዋ በአራቱም ጎማ ስለምትስብ ከካምቢዮው ተነስቶ እስከ ኋለኛው ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርስ ረጅም ዘንግ አላት፤ ፕሮፔለር ሻፍት የሚባለው ነው። ዘንጉ አንድ ወጥ አይደለም። በክሮቼራ ተቀጣጥሎ የሚሄድ ሲሆን፣ መሐሉን ከመኪናዋ ሆድ ጋር አንጠልጥሎ የሚይዘው ዙሪያውን በጎማ የታቀፈ ኩሽኔታ ነው። የእኔ ጣጣ የመጣው ከዚህ ኩሽኔታ ነበር። ይህን የምጽፈው ከወለሉ ሥር ጉርምርምታ እየሰማ ምን ላስቀይር እያለ ለሚጨነቅ ሰው ነው።

1. ድምፁ የሚሰማበትና የሚወጣበት ቦታ ይለያያል።

ፍጥነቴ 40 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ የሚያጉረመርም ነገር ነበር። የኋላ ቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ነው ብዬ ደመደምኩ። መካኒኩ "ቆይ ልፈትሸው" ሲለኝ ቸኩያለሁ፣ ዝም ብለህ ቀይረው አልኩት። ተቀየረ። ድምፁ ግን እንዳለ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ተመለሰ። ጥፋቱ የመካኒኩ አልነበረም። ሻፍቱ የተሰቀለው ከወለሉ ብረት ጋር በመሆኑ የመሐል ኩሽኔታው ሲያጉረመርም ወለሉ ተቀብሎ ያስተጋባዋል፤ እኔ የሰማሁት የወለሉን ድምፅ ነበር።

2. ከመፍታት በፊት መንዳት ይቀድማል።

ይህን ያስተማሩኝ ሌላ ጋራዥ ያገኘኋቸው በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። ቁልፍ ሳያነሱ "አንተ ንዳ፣ እኔ ልስማ" ብለው ከኋላ ተቀመጡ። ሜዳና ጭር ያለ መንገድ ስናገኝ 60 ላይ አድርሼ ማርሹን ዜሮ እንዳደርግ ነገሩኝ። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ ጉርምርምታው ግን ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር ብቻ እየቀነሰ መጣ። በዚህ ሞተሩ ከተጠርጣሪነት ወጣ። (ይህን የሚሞክር ሰው ቁልፉን እንዳያጠፋ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደርቃል።)

ቀጥሎ መሪውን በቀስታ ግራና ቀኝ እንዳወዛውዝ አዘዙኝ። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የመኪናው ክብደት ወደ ግራ ጎማዎች ያዘነብላል፤ የተበላሸው የግራ ጎማ ኩሽኔታ ከሆነ ድምፁ ይበረታል፣ የቀኝ ከሆነ ደግሞ ይለዝባል። የእኛው ግን አልተለወጠም። ነዳጅ ስሰጥም ስለቅም ያው ነው። ዲፈረንሻል ቢሆን ኖሮ ሲጎትትና ሲለቀቅ የሚያሰማው ፉጨት ይለያይ ነበር። ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን ስንገባ የጎማዎቹ ድምፅ ተቀየረ፤ ያኛው ከሥሩ እንደነበረ ቀጠለ። "እንግዲህ ልጄ፣ የቀረውን ከሥር ገብተን እንየው" አሉኝ። ቀድሞ የምርመራ ክፍያ ስጠየቅ ቅር ይለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጅ ሥራው ይልቅ ለጆሮው ብከፍል ደስ ይለኛል።

ድምፁን መለየት ላቃተው ሰው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ጥሩ መሞከሪያ ነው። በከተማችን ጎርባጣ መንገድ የተሸፈነው ሁሉ እዚያ ለስላሳው አስፋልት ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል።

3. ሞተር እየሠራ በክሪክ በተነሳ መኪና ሥር አይገባም።

በአራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ሁለት ጎማው ብቻ ተነስቶ ማርሽ ከገባ፣ መሬት የነኩት ጎማዎች መኪናውን ከክሪኩ ላይ ሊወረውሩት ይችላሉ። እኛ ፖንቴ ላይ አውጥተን አራቱንም ጎማ አንጠለጠልን። እሳቸው ከሚሽከረከረው ሻፍት እጃቸውን አርቀው የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ኩሽኔታውን ባቀፈው ብረት ላይ አሳረፉ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። ዲፈረንሻሉ ላይ ሳደርገው ለስላሳ እምታ ብቻ ነበር፤ የመሐል ኩሽኔታው ላይ ግን ጠጠር የሚፈጭ ወፍጮ። ሞተሩ ጠፍቶ ሻፍቱን በእጄ ሳዞረው ያው ሻካራነት መዳፌ ላይ ተሰማኝ።

4. ያቀፈው ጎማ የኩሽኔታው ግማሽ ነው።

ወጪ ለመቀነስ የብረቱን ኩሽኔታ ብቻ ልገዛ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ኩሽኔታ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ትርጉም እንዳለው ያወቅኩት እዚያ ነው። ለምሳሌ 6006 ከሚለው የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 ብናባዛ 30 ይመጣል፤ የውስጥ ቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ነጋዴው በሚጠራው የመኪና ስም ከመተማመን አሮጌውን ይዞ ሄዶ ቁጥር ከቁጥር ማስተያየት ይሻላል። የእኔ ግን ዙሪያውን ያቀፈው ጎማም ተሰነጣጥቆ ነበር። ጎማው ከላላ ሻፍቱ ከቦታው ይዘላል፤ መኪና ሲነሳ ከሥር የሚሰማው "ዱብ" አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ስለዚህ ከነማቀፊያው ሙሉውን ገዛሁ።

5. ሻፍት ምልክት ሳይደረግበት አይፈታም።

መካኒኩ ብሎን ከመንካታቸው በፊት በነጭ ቀለም ከሻፍቱ እስከ ዲፈረንሻሉ መጋጠሚያ የሚያልፍ ቀጭን መስመር አሰመሩ። በየቅጥያውም እንዲሁ። ሻፍት ሚዛኑ ተጠብቆ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ የመኪናው ጎማ አንዴ ሲዞር ሻፍቱ እንደ ዲፈረንሻሉ ጥርስ ሁለት፣ ሦስት፣ በአንዳንድ መኪና አራት ጊዜ ያህል ይዞራል። ቅጥያው ዞሮ ከተገጠመ ጉርምርምታው ጠፍቶ በምትኩ ንቅጥቅጥ ይመጣል። ከማቀፊያው ሥር ስስ ብረት ተነጥፎ ከተገኘም ተቆጥሮ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የሻፍቱን ከፍታ የሚወስነው እሱ ነው።

6. መዶሻ አዲስ ኩሽኔታ ይገድላል።

የውጭ ቀለበቱ ሲመታ ምቱ በጥይቶቹ በኩል አልፎ መሮጫቸውን ያሰረጉዳል። እኛ በፕሬስ፣ የውስጥ ቀለበቱን ብቻ በሚነካ ቧንቧ እየገፋን አስገባነው።

7. የበላውም ይፈለግ።

ሻፍቱ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ክሮቼራዎቹን አንድ በአንድ በእጃችን አጠፍናቸው። አንደኛው መሐል ላይ ሲደርስ ነከስ እያደረገ ይቆም ነበር። እንዲህ የደረቀ ክሮቼራ በዞረ ቁጥር ሻፍቱን ስለሚያንገላታ አዲሱንም ኩሽኔታ ባልዋለ ባላደረ ነበር የሚጨርሰው። አብሮ ተቀየረ። የኩሽኔታው መከለያም ተቀዶ ውስጡ ዝገት ነበር፤ ውኃ ገብቶበታል። ክረምት ላይ ጎርፍ ውስጥ መግባቴ ብቻ አይመስለኝም፤ ላቫጆ ላይ ከሥር የሚረጨው ኃይለኛ ውኃም አለበት። አሁን አጣቢዎቹን ሻፍቱ መሐል ላይ ውኃውን አርቀው እንዲረጩ እለምናለሁ፤ ዘይት ሲቀየርም መኪናዋ ፖንቴ ላይ እያለች ሻፍቱን ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች እነቀንቀዋለሁ፣ ኩሽኔታውን ያቀፈውን ጎማ ዙሪያውንም በባትሪ አየዋለሁ።