ለቦት ብር ይከፈላል ወይ?

ሰሞኑን ኢንቦክስ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመ መጣ። «ቻትቦት መሥራት እየተለማመድኩ ነው፤ የሚከፈልበትን ልግዛ ወይስ በነፃው ልቀጥል?» የሚል። አንዱ የዲላ ልጅ እንዲያውም ስክሪንሾት ልኮ «ወንድሜ፣ በወር 20 ዶላር ይላል፤ ያዋጣል?» አለኝ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ አንብቡት፤ የእኛ ሰፈር ቡና ከሆነ ደግሞ ይመረጣል።

ለማታውቁኝ፣ ያለሁት ዱመርሶ ነው፣ ይርጋጨፌ አጠገብ። የዱመርሶ ስም ውጭ አገር የቡና ከረጢት ላይ ተጽፎ ይሸጣል፤ እኛ ግን እዚህ ሆነን ኔትወርክ ፍለጋ ስልክ ወደ ላይ እናነሳለን። ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ ማታ ቦት እሠራለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አይከፍለኝም። ሌላው ኳስ ያያል፣ እኔ ኮድ እነካካለሁ፤ በቃ ይሄው ነው።

ነገሩ የገባኝ በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው፣ ሶፊያ የምትባለው ሮቦት አዲስ አበባ ስትመጣ። ሻንጣዋ በመንገድ ጠፋ ተብሎ ሁሉ ዜና ሆኖ ነበር። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሮቦቷ አልነበረችም፤ ሶፍትዌሯ ላይ ከሠሩት መካከል አዲስ አበባ ያለው የአይኮግ ላብስ ልጆች መኖራቸው ነው። «ታዲያ እኔስ?» አልኩ። ያኔ ላፕቶፕ እንኳ አልነበረኝም።

ላፕቶፑ ሲገኝ ከቴሌግራም ጀመርኩ። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ማንም ሰው ቦት እንዲሠራ በነፃ ከፍቶታል። ቦትፋዘር ጋ ትሄዳለህ፣ ስም ታወጣለህ፣ ቁልፍ ይሰጥሃል፣ የቀረው የአንተ ነው። ፓይተኑም ነፃ፣ ትምህርቱም ዩቲዩብ ላይ ነፃ። የዚህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነገር ከጥንትም እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር ኤላይዛ የምትባል ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ያልካትን ገልብጣ ጥያቄ አድርጋ ትመልስልሃለች፣ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። እንዲያም ሆኖ የገዛ ጸሐፊው ከኤላይዛ ጋር ስትጻጻፍ «እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ» ብላዋለች። በ1995 ደግሞ ሪቻርድ ዋላስ አሊስን ጀመረ፤ ሶፍትዌሩን ማንም ወስዶ እንዲነካካው በነፃ ለቀቀው።

እኔም የአማርኛ ኤላይዛ ልሥራ ብዬ ተነስቼ ነበር። «ደክሞኛል» ስትለው «ለምን ደከመህ?» ይላል። ተማሪዎቼ ሞከሩት፤ ሴቶቹ «ቲቸር፣ ወንድ አደረገን እኮ!» ብለው ሳቁብኝ። «ደከመሽ» ጨመርኩ። ከዚያ የጎረቤታችን አዛውንት ሞከሩና «አንተ» ብሎ አረፈው። ለአንድ «ደከመህ» ሦስት ዓይነት ጽፌ ማታው አለቀ። ደስ የሚል ማታ ነበር፣ አንድ ሳንቲም አልከፈልኩበትም።

አሁን ወደ ከፈልኩበት ልምጣ።

አጎቴ ለአንድ ቡና ማጠቢያ ቀይ እሸት ቡና ይሰበስባል። የለቀማ ወቅት ሲደርስ ስልኩ ዕረፍት የለውም። «ዛሬ ትቀበላላችሁ?» «ስንት ገባ?» «እስከ ስንት ሰዓት ናችሁ?» አንድ ቀን ምሳ እንኳ መጉረስ ሲያቅተው «አንተ፣ ያ ማታ ማታ የምታወራው ማሽንህ ለሰው መልስ አይሰጥልኝም?» አለኝ። ሠራሁለት። ሦስት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፦ የዛሬ ዋጋ፣ የመቀበያ ሰዓት፣ ስልክ። ጠዋት አጎቴ ዋጋውን ይጽፋል፣ ቦቱ ያንኑ ለጠየቀው ሁሉ ይደግማል። ሠርቷል። እኔ ግን አፈርኩበት። በየቦታው «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ» እየተባለ እኔ ሦስት ቁልፍ!

በ2017 የለቀማ ወቅት ታዲያ የሚከፈልበትን ገባሁበት። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ የውጭ ነው። ሰነድ ትሰጠዋለህ፣ እሱ አንብቦ ሰው በፈለገው ቋንቋ ሲጠይቀው ይመልሳል ይላል። በወር 20 ዶላር። የእኔ ካርድ ውጭ ስለማይሠራ አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ፣ እኔ ብሩን ለእናቷ ሰጠሁ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ይመራ ከመባሉ በፊት ቢሆን 20 ዶላር ወደ 1,150 ብር ነበር። እኔ ስከፍል በባንኩ ሒሳብ ከ2,300 በላይ ሆኗል። እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል ስለማውቅ አልነገርኳትም።

መጀመሪያ ያምራል! ሰው ሲጽፍለት «እንደምን አደሩ» ይላል። አጎቴ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ለሰው እያሳየ «የወንድሜ ልጅ ሥራ ነው» ይል ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ማታ ከላይ ቀበሌ አንድ አባት በልጃቸው አስጽፈው ጠየቁ። ልጅቷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ነገ ሐሙስ ትቀበላላችሁ?» ቦቱ መለሰ፦ «አዎ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እንቀበላለን። እንጠብቅዎታለን።»

ሐሙስ ግን አይቀበሉም ነበር። የማድረቂያ አልጋው በሙሉ ሞልቶ ለአንድ ቀን ቆሟል። አጎቴ ለሚያውቃቸው ደውሎ ነግሯል፣ እኔ ሰነዱ ላይ መጻፍ ረስቻለሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው፣ አልክድም። ግን ቦቱ የነበረው «ከ2 እስከ 11» የሚል መስመር ብቻ ነው፤ «ሐሙስ» የሚለውንም «እንጠብቅዎታለን» የሚለውንም ከየት አመጣው? የድሮው ባለ ሦስት ቁልፍ ቢሆን ኖሮ የዛሬን ዋጋና ሰዓት ብቻ ተናግሮ ዝም ይል ነበር። ስለ ነገ አፍ የለውም።

ሰውየው ከልጆቻቸው ጋር ከማለዳ ጀምሮ ለቀሙ፣ በሞተር አስጭነው ወረዱ፣ በር ተዘግቷል። ቡና የማታውቁ ካላችሁ፣ ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጥራቱ ይሄዳል። ይዘው ተመለሱ፣ ጓሮ አስጥተው ጀንፈል አደረጉት። ለታጠበ ቡና የተለቀመ ምርጥ ፍሬ፣ የመኪናው ሳይቆጠር!

በማግስቱ መጡ። ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልጮሁም። የልጅቷን ስልክ አወጡና ለአጎቴ አሳዩት። «እንጠብቅዎታለን ብለኸኝ» አሉት። አጎቴ እኔን አየኝ። ማሽን መሆኑን እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ማስረዳቱስ ምን ያደርግላቸዋል? መልእክቱ የመጣው በአጎቴ ስም ነው፤ ለእሳቸው የጻፈው እሱ ነው። የዋጋውን ልዩነት አጎቴ ከኪሱ ሰጣቸው፣ ግማሹን እኔ ቻልኩ። የዚያ ወር የቦት ሒሳቤ እንግዲህ 2,300 ብር ብቻ አልነበረም።

ለድርጅቱ ጻፍኩ። «ሞዴሉ ሊሳሳት ይችላል፣ ጠቃሚ መረጃ ያረጋግጡ» የሚል መልስ መጣ። የመለሰልኝም ራሱ ቦት ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ነገር አለ። ወሩ ሳያልቅ በ19ኛው ቀን «ኮታዎ አልቋል» አለኝ። የጠየቀው ሰው እኮ ብዙ አልነበረም። ለምን ይሆን ብዬ ሳነብ አንጀቴ አረረ። እነዚህ ሞዴሎች የሚያስከፍሉት በቃል አይደለም፣ ጽሑፉን በሚቆራርጡበት ቁራጭ፣ ቶክን በሚሉት ነው። የላቲን አንድ ፊደል በኮምፒውተር 1 ባይት ነው፣ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት። «ቡና» 2 ፊደል፣ 6 ባይት። «ኮፊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም በላቲን 6 ፊደል፣ 6 ባይት ነው። እኩል ናቸው አይደል? ግን መቁረጫው የሠለጠነው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ የእነሱን ቃል ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ቁራጭ ይወስደዋል፤ የእኛን አንዱን ፊደል ሁለትና ሦስት ቦታ ይሰባብረዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአማርኛ ስትጠይቅ ብዙ እጥፍ ትከፍላለህ፣ መልሱ ደግሞ ከእንግሊዝኛው የባሰ ሆኖ። አዳዲሶቹ ሞዴሎች ይሄንን አሻሽለውታል፣ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። የቡና አገር ሰው ሆኖ «ቡና» ለማለት ተጨማሪ መክፈል!

ጌዴኡፋማ ባይነሳ ይሻላል። ማስታወቂያው ላይ «በብዙ ቋንቋዎች» ስለሚል አንድ ማታ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ እንሰት ጠየቀችው፣ እኔ ጻፍኩላት። ያለ ምንም ማመንታት ረጅም መልስ ጻፈ። አነበብኩላት። እናቴ ዝም ብላ አዳመጠችና «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ። ግማሹ የየትኛውም አገር ቋንቋ አልነበረም። አላውቅም ቢል ምን ነበረበት?

ስለዚህ ለዲላው ልጅ፦ ለመማር ከሆነ አትክፈል። እኔ ግን ጨርሶ አልከፍልም አላልኩም፤ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ኮድ ለመጻፍ የሚያግዘኝን ለአንድ ወር ብቻ እከፍላለሁ። እዚያ ላይ ተሳስቶ ሲጽፍልኝ ፕሮግራሙ አይነሳም፣ እኔው አየዋለሁ፣ እኔው እስቃለሁ፣ ይታረማል። የአጎቴ ላይ ግን ስህተቱን መጀመሪያ ያየው እኔ አልነበርኩም፤ ከላይ ቀበሌ 60 ኪሎ እሸት ጭነው የወረዱት ሰውዬ ናቸው። ያንተን ቦት ሲሳሳት መጀመሪያ የሚያየው ማነው? 20 ዶላሩን ከማሰብህ በፊት እሱን አስብ።

አሁን ሦስቱ ቁልፍ ተመልሰዋል። አራተኛ ጨምሬበታለሁ፣ «ነገስ?» የሚል። አጎቴ ካልሞላው «ገና አልታወቀም፣ ይደውሉ» ብሎ ቁጥሩን ይሰጣል። የሚሮጠው በአሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ነፃ ነው ስል የኢንተርኔት ጥቅሉን ሳልቆጥር ነው። ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ገበሬው በጌዴኡፋ የሚጠይቀውን ጥያቄ እንደሰማችው ትጽፍልኛለች፣ በየሳምንቱ ካርድ እሞላላታለሁ። ደብተሯ አንድ ሞልቷል። ቦቱ ገና ምንም አያውቅም፤ እኔ ግን እናቴ የማትስቅበትን የመጀመሪያ አሥር መልስ አግኝቻለሁ።

አባቷ ዘንድሮም ቡናቸውን ያመጣሉ። ለቦቱ ግን አይጽፉም፣ ይደውላሉ። አጎቴ «ሃሎ» ሲል መጀመሪያ የሚጠይቁት «አንተው ነህ?» ብለው ነው።