ሻጭ ያጣች ካንዴላ

አዲስ አበባ ውስጥ የማይገኝ ዕቃ የለም ይላሉ። መርካቶ ከገባችሁማ የጠፋ ዘመዳችሁን እንኳ ፈልጎ በቅናሽ የሚሸጥላችሁ ደላላ አታጡም። እንግዲህ ይህን የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኛ ላኩልን፤ አንዲት ካንዴላ እንዲያመጣልን እንልከዋለን። የመኪና ካንዴላ አይደለችም፣ የሞተር ብስክሌትም አይደለችም። ከአውራ ጣት የመጀመሪያ አንጓ የማትበልጥ፣ ክብደቷ ጥቂት ግራም ብቻ የሆነ፣ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ካንዴላ ናት። ፈረንጆቹ «ግሎው ፕላግ» ይሏታል። እኛ የአማርኛ ስም ስናጣላት «የምትግል ካንዴላ» ብለናታል።

እኛ ስንል ሁለት ነን። አንዷ ጋዜጠኝነት ተመርቃ «የሦስት ዓመት ልምድ ያላት» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ስታነብ የምትውል፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ የሆነ ታናሽ ወንድሟ። ሦስተኛው ጋሼ ናቸው። ነገር ግን እሳቸውን «እኛ» ውስጥ ብንደምራቸው ይቆጣሉ። «እናንተ ሠራተኞች ናችሁ፣ እኔ አለቃ ነኝ» ነው የሚሉት።

ጋሼ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ያሳለፉት በአውሮፕላን ጥገና ነው። ስለ ዲሲ 3 ካስጀመራችኋቸው ቡናው ሦስተኛውን አልፎ ይበርዳል። የዲሲ 3 አንዱ ሞተር 14 ሲሊንደር አለው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፣ ሞተሩ ሁለት፤ ድምሩ 56 ካንዴላ። «56ቱንም በዚህ እጄ ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ መልሻለሁ» ይላሉ እጃቸውን ዘርግተው። ያ ሁሉ ጩኸት ታዲያ በነጻ አልሆነም። ቀኝ ጆሯቸው ከሄደ ቆይቷል። ግራውም እየተከተለው እንደሆነ ሐኪም ነግሯቸዋል።

ባለፈው ግንቦት አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ በጋቢያቸው ሸፍነው መጡ። ውስጡ በዘይት በተነከረ ጨርቅ የተጠቀለለ 2.5 ሲሲ የጃፓን ሞተር አለ። ወጣት ሳሉ ለሥልጠና ውጭ በሄዱ ጊዜ ገዝተውት፣ ከበልሳ እንጨት በሠሩት አውሮፕላን ላይ ገጥመው ያበሩት ነበር። አውሮፕላኑ ቁም ሣጥን ላይ ተኝቶ ዘመናት ቆጥሯል። «ግራው ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ልስማው» አሉን። ሌላ አልጨመሩም።

ሞተሩ ደህና ነበር። ፕሮፔለሩን ስታዞሩት ፒስተኑ ይታመቃል፣ ይገፋል። ካንዴላዋ ግን ሞታለች፤ ውስጧ ያለችው ሽቦ ተበጥሳለች። መፈለግ የጀመርነው ያኔ ነው።

የመኪና ካንዴላ ሥራ ብልጭታ መስጠት ነው። ኮይል አለ፣ ባትሪ አለ፣ ብልጭታው መቼ ይሁን የሚል መቆጣጠሪያ አለ። ድሮ ሞዴል አውሮፕላንም ይህንኑ ጓዝ ሁሉ ተሸክሞ ነበር የሚበረው። እ.ኤ.አ. በ1947 ግን ሬይ አርደን የሚባል አሜሪካዊ ይቺን ካንዴላ ለገበያ አቀረበና ጓዙ ሁሉ መሬት ቀረ። የምትግለዋ ካንዴላ ብልጭታ የላትም። ያላት እንደ ሞላ የተጠቀለለች ቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢሪዲየም ወይም ሮዲየም ይቀላቀልባታል። 1.5 ቮልት ስትሰጧት ትግላለች፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ከዚያ ባትሪውን ትነቅላላችሁ። ተአምሩ እዚህ ላይ ነው፤ ባትሪው ተነቅሎም መጋሏን አታቆምም። ነዳጁ ሜታኖል ነው፣ ሜታኖል ደግሞ ፕላቲኒየም ሲነካ ራሱ ሙቀት ይሰጣል። ያ ሙቀት ከመታመቁና ከቃጠሎው ሙቀት ጋር ተዳምሮ ሽቦዋን እስከሚቀጥለው ዙር ያደርሳታል። «አሁን ተቀጣጠል» የሚል አዛዥ የለም፤ ሰዓቱን የምትወስነው የሽቦዋ ሙቀት ናት። ስለዚህ የተሳሳተች ካንዴላ ማለት የተሳሳተ ሰዓት ማለት ነው።

ይህን ይዘን ሶማሌ ተራ ወረድን። የመጀመሪያው ባለሱቅ ገና ሳንጨርስ «የናፍጣ ናት!» ብሎ የቶዮታ ማሞቂያ ካንዴላ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ስሟ በፈረንጅኛ አንድ ነው፣ ሥራዋ ግን ሌላ። በ12 ቮልት የምትሠራ፣ የእኛን ሞተር ግማሽ የምታህል፣ ፕላቲኒየም የሚባል ነገር ያልጎበኛት ናት። ሁለተኛው የመጋዝ ሞተር ካንዴላ አውጥቶ «እህቴ፣ ይሆንሻል፣ አምጪው እኔው ልግጠምልሽ» አለ። ሦስተኛው «አውሮፕላን» የሚለውን ቃል ሲሰማ የጎረቤት ሱቆችን ጠርቶ አሳቀብን። አራተኛው ሽማግሌ ግን የሞተችዋን ካንዴላ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ለረጅም ጊዜ አዩአትና «ይቺን የሚሸጥ የለም። የሚያውቃትም አታገኙም» ብለው በክብር መለሱልን። እኚህን ሰው እስከ ዛሬ እናመሰግናቸዋለን፤ ሁለት ሳምንት አትርፈውልናል።

አንድ ቶርኖ ቤት ደግሞ «አካሉን እቀርጽላችኋለሁ» ብሎን ነበር። አካሉ እሺ፤ ሽቦውንስ? ወርቅ ሠሪ ጠየቅን። ነጭ ወርቅ አለ አለን። ነጭ ወርቅ ለሙሽራ እንጂ ለሜታኖል አይሆንም።

እንግዲህ የቀረው ከውጭ ማስመጣት ነው። ለማስመጣት ደግሞ ምን እንደሚፈለግ ማወቅ ያስፈልጋል። (ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አምስት ጥያቄ አስተምረውናል፤ ለካንዴላ ሦስት ይበቃል።)

አንደኛው ጥርሱ ነው። ለሞዴል አውሮፕላን የተለመደው ውፍረቱ ሩብ ኢንች፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 32 ጥርስ ያለው ነው። ይህ በጃፓኑም በአሜሪካኑም አንድ ስለሆነ ቀላል ነው። ሁለተኛው ርዝመቱ ነው፤ ረጅምና አጭር የሚባሉ አሉ። ቴስታታው ቀጭን ሆኖ ረጅሟን ካስገባችሁ ጫፏ ወደ ፒስተኑ ይወርዳል። ቴስታታው ወፍራም ሆኖ አጭሯን ከገጠማችሁ ደግሞ ባዶ ጉድጓድ ይቀራል፣ መታመቁ ይቀንሳል። የእኛን በካሊፐር ለካነው፤ አጭር ናት። የመዳቧን ሮንዴላም አትርሱ፤ እሷ ከሌለች እመቃው በጎን ይሾልካል።

ሦስተኛው ሙቀቱ ነው፤ ሰው የሚጣላውም እዚህ ላይ ነው። ሙቅ፣ መካከለኛ፣ ቀዝቃዛ ይባላሉ። ሁሉም አምራች የየራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ የአንዱ ቁጥር ለሌላው አይሠራም። በጃፓኑ ኦ ኤስ ኩባንያ ቁጥር 8 የሚባለው መካከለኛ ነው፤ ኤፍ የሚለው ለአራት ምት ሞተር ነው። ነዳጁ ውስጥ ናይትሮሜቴን ሲበዛና ሞተሩ በጣም የሚያምቅ ሲሆን ቀዝቃዛ፣ ናይትሮ ከሌለና ሞተሩ ትንሽ ከሆነ ሙቅ። መካከለኛ ግዙና ተገላገሉ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በባሕር ዳርቻ ላይ ቆመው ከሆነ እውነታቸውን ነው።

አዲስ አበባ ግን ባሕር ዳርቻ አይደለችም። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ሳሳ ማለት የሚያምቀውም ሳሳ ማለት ነው፤ የሚያምቀው ሲሳሳ ሽቦዋ የምታገኘው ሙቀት ይቀንሳል፣ ቃጠሎውም ይዘገያል። የናይትሮ ነዳጅ የለንም፤ ደግሞም ነዳጅ በሻንጣ አይመጣም፣ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው። ሞተሩ ትንሽ፣ ነዳጁ ናይትሮ አልባ፣ አየሩ ስስ፦ ሦስቱም «ሙቅ» አሉ። ጋሼም ሲሰሙ «ይሄን እኮ ቀድሜ ነግሬያችሁ ነበር» አሉ። አልነገሩንም።

ጀርመን ለምትኖረው ለአክስታችን ልጅ ላክን። ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት፤ ሻጩ ግን «ይሄኛው ይሻላል» ብሎ ቱርቦ የሚባለውን ሦስት ሸጠላት። ቱርቦ ጥርሱ 8 ሚሊሜትር ነው፣ ጫፉ ሾጣጣ ሆኖ ያለ ሮንዴላ የሚገጠም፣ በተለይ ለሞዴል መኪና ሞተሮች የተሠራ ነው። ሻንጣ ተሻግሮ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ እኛ ጋ ደርሶ ቀዳዳው ላይ ቆመ። ወንድማችን አንዷን የቁልፍ ማንጠልጠያ አድርጓታል።

በሁለተኛው ዙር ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው ፎቶውን፣ ልኩንና «ሻጭ ሌላ ቢልህ እንዳትሰማው» የሚለውን ጭምር በቴሌግራም ላክን። አራት ካንዴላ አመጣ። አንዷ አሥር ዶላር ገደማ። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ሥራ ለሌላት ጋዜጠኛና ለተማሪ ወንድሟ አርባ ዶላር ምን እንደሆነ እናንተ አስሉት። ጋሼ ከጡረታቸው ልክፈል ብለው ከእኛ ጋር ሦስት ቀን ተኳረፉ። በመጨረሻ ግማሽ ግማሽ ሆነ።

ነዳጁን እዚሁ ቀላቀልነው፦ 80 እጅ ሜታኖል፣ 20 እጅ የጉሎ ዘይት። ይህ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይም የሚታወቅ ቅልቅል ነው። ጉሎ በየአጥሩ የሚበቅልበት አገር ስለሆንን በዚህ በኩል ኮራ አልን፤ ለጸጉር ተብሎ ሽቶ የገባበትን ግን አትጠቀሙ። ሜታኖልን በተመለከተ አንቀልድም። ጥቂት ጉንጭ ዓይን ያጠፋል፣ ሲበዛ ይገድላል፤ እሳቱም በቀን ብርሃን አይታይም። ጠርሙሱ ላይ በቀይ «መርዝ» ጽፈን ቆልፈንበታል።

ባትሪውም አስቸግሮ ነበር። ካንዴላዋ ወደ ሦስት አምፔር ትስባለች፣ የሰፈር ሱቅ ርካሽ ባትሪ ድንጋይ ደግሞ ይህን አይችልም፤ ሽቦዋ ደብዛዛ ቀይ ሆና ትቀራለች። የሚፈለገው ደማቅ ብርቱካን ነው። ወንድማችን የስልክ ቻርጀር አነሣ። ጋሼ እጁን ያዙት። 5 ቮልት አሥር ዶላራችንን በአንድ ቅጽበት ባቃጠለ ነበር። በሚሞላ ትልቅ ባለ 1.2 ቮልት ባትሪ ተገላገልን።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የሰፈሩ ኳስ ሜዳ ላይ ነበርን። ጥበቃው መጥቶ «ድሮን ነው?» አለ። ልክ ነው፣ ድሮን ፈቃድ ይጠይቃል። አሳየነው፤ ሬዲዮ የለውም፣ በ15 ሜትር ሁለት የብረት ክር እንደ ፍየል የታሰረ ነው፣ ከክቡ አይወጣም። ቆሞ ሊያይ ወሰነ። የኤሌክትሪክ ገመድ በአካባቢው እንደሌለም ጋሼ ሁለት ጊዜ ዞረው አረጋገጡ።

ሞተሩ በስድስተኛው ምት ተነሣ። ጋሼ ተንበርክከው ግራ ጆሯቸውን ሰጡት፣ ጣታቸው የነዳጁ መርፌ ላይ ነው። መጀመሪያ ነዳጅ በዝቶበት ይንተባተብ ነበር፤ ዱብ ዱብ የሚል ወፍራም ድምፅ። ፈገግ አሉ። መርፌውን ሲዘጉት ድምፁ ቀጠነ፣ ጮኸ፣ ኃይል አገኘ። የእሳቸው ፊት ግን ተለወጠ። «ምን ይላል?» ብለው ጮኹ።

«ያፏጫል ጋሼ! ጥሩ ነው!»

«ራቀብኝ» አሉ።

ሐኪሙ ነግሯቸው ነበር፤ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው። መርፌውን መልሰው ከፈቱት፣ እስኪንተባተብ ድረስ። ይህ አደገኛ ውሳኔ ነበር፤ ነዳጅ ሲበዛ ሽቦዋ ትቀዘቅዛለች፣ በዚህ ከፍታ ባትሪው ሲነቀል ሞተሩ ጥጥ ብሎ ሊቆም ይችላል። ወንድማችን ባትሪውን ነቀለ። ካንዴላዋ ሙቋ ናት፤ ያዘችው። መካከለኛዋን ገዝተን ቢሆን የሚይዝ አይመስለንም።

አውሮፕላኑ ከአንድ ፎቅ ብዙ ሳይበልጥ፣ እየተንተባተበ፣ ነዳጁ እስኪያልቅ ዞረ። ወንድማችን መሐል ላይ አብሮ ሲዞር ቆይቶ ሲያርፍ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ጋሼ ከክቡ ውጭ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው ነበር። አውሮፕላኑ በእሳቸው በኩል ባለፈ ቁጥር ግራ ጆሯቸውን ያዞራሉ። ሌላ ሦስት ጊዜ ነዳጅ ሞላን።

ከዚያ ወዲህ አራት እሑድ በርሯል። አንዷ ካንዴላ ተቃጥላለች፣ ሌላዋ ሽቦዋ ደብዝዟል፤ ደህና የምንላቸው ሁለት ቀርተውናል። ጋሼ በወር ሁለት እሑድ ይላሉ፣ እኛ ካንዴላ ቆጥበን አንድ እንላለን፣ ክርክሩ እንደቀጠለ ነው። ከውጭ የምትመጡ ካላችሁ እንግዲህ፦ አጭሯን፣ ሙቋን፣ ሮንዴላ ያላትን። ባለ 8 ሚሊሜትሯን አታምጡ። ሦስት አለን።