የዘጌ መንገድ

ባለፈው ክረምት ወደ አገሬ ወደ ማክሰኝት ስሄድ ባሕር ዳር አድሬ፣ በማግሥቱ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርሁ። ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ በቡናና በትልልቅ ዛፎች የተሸፈነ ስለ ሆነ በቀትርም ጥላ ነው።

አብረውኝ የሚወርዱትን ሽማግሌ፣ «አባባ፣ ይህ ደን ከመጥረቢያ እንዴት ተረፈ?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እኛ በሬ አንጠምድም፤ አናርስም። ለአቡነ በትረ ማርያም የተሰጠ ኪዳን ነው። የምንኖረው በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው» አሉኝ።

በልቤ ሳቅሁ። እኛ በክርክር ጉባኤያችን እንዲህ ያለውን ነገር «ኋላ ቀርነት» ስንል አይደለምን?

ከዳሩ ደርሰን ተቀመጥን። ውኃው ጸጥ ብሏል፤ በሩቅ አንዲት የደንገል ታንኳ ትታያለች። ያረፍንበት ጥላ የዋንዛ ነበረና የደጃችን ዋንዛ ትዝ አለኝ። አባቴ ቈርጠው የሸጡት ለእኔ ለዩኒቨርሲቲ መሄጃ ነው፤ ዛሬ ቦታው ታርሷል። ያን ጊዜ ሳቄ አሳፈረኝ። እነርሱ ደናቸውን ጠብቀዋል፤ እኔ ግን በዛፍ ዋጋ ተምሬ ስለ ዛፍ ጥቅም እከራከራለሁ።

በሚመጣው ክረምት ባዶ እጄን አልገባም፤ የዋንዛ ችግኝ ይዤ እገባለሁ። አባቴ «የተማርኸው ለዚህ ነው?» ቢሉኝ፣ «አዎን» እላቸዋለሁ።